ልኬትን የመዘኑት ዓሊም፦ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ



በዚህ እትማችን ይዘንላችሁ የቀረብነው ስማቸውን ብዙዎቻችን የምናውቀውን፣ ሥራቸውን ግን ጥቂቶቻችን ብቻ ጠጋ ብለን ያየነውን የአንድ ሊቅ ሕይወት ነው። አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው የምድርን ስፋት በመለካታቸው ነው። እኛ የመረጥናቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በኢንጂነሪንግና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲፓርትመንቶች ያላችሁ ዛሬ የባትሪን አቅም ለመገመት የምትማሩት ዘዴ ሥሩ ሲፈተሽ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ልኬቶች ሲለያዩ የትኛውን፣ ምን ያህል እንመን? አል-ቢሩኒ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሂጅራ ካላልን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከከተማው ዳርቻ

አል-ቢሩኒ በ973፣ ማለትም በ362 ሂጅራ፣ የኸዋሪዝም ዋና ከተማ በነበረችው በካት ዳርቻ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት በመሆኑ፣ አል-ቢሩኒ ማለት ከቅጥሩ ውጭ የመጣው ሰው እንደማለት ነው። የአፍ መፍቻቸው ኸዋሪዝምኛ ሲሆን የጻፉት ግን በአብዛኛው በዐረብኛ ነው። ቤት ውስጥ ወላይትኛ ወይም ስልጢኛ እየተናገራችሁ አድጋችሁ ክፍል ውስጥ በሌላ ቋንቋ ለምትማሩ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባችሁም።

መምህራቸው አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ ከገዥው ቤተሰብ የተወለዱ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ተማሪው ገና 17 ዓመት ገደማ ሳሉ የቀትር ፀሐይን ከፍታ ለክተው የካትን ኬክሮስ አሰሉ። የትምህርት ጊዜያቸው ግን ብዙ አልቆየም። በ995 በኸዋሪዝም ጦርነት ተነሳ፤ የመምህራቸው ቤተሰብ ከሥልጣን ወረደ፤ ወጣቱም ሸሹ።

በስደት ከደረሱባቸው ከተሞች አንዷ ዛሬ ቴህራን አጠገብ የምትገኘው ሬይ ናት። እዚያ ደጋፊም ገንዘብም አልነበራቸውም። በአንድ የሙያ ጉዳይ ሐሳባቸውን ሲሰጡ አንድ የከተማው ኮከብ ቆጣሪ በድህነታቸው ምክንያት ናቃቸው። በኋላ ኑሯቸው ሲስተካከል ያው ሰው ወዳጅ ሆኖ መጣ። ያቀረቡት ማስረጃ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ ነው።

የሰመጠው ቀዳዳ

ሬይ ግን ትልቅ ትምህርት ሰጥታቸዋለች። በ994 አል-ኹጀንዲ የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ እጅግ ግዙፍ የመለኪያ ሕንጻ አሠርተው ነበር። የቅስቱ ሬዲየስ 20 ሜትር ያህል ነው። የፀሐይ ብርሃን ከላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ከታች በተከፋፈለው ቅስት ላይ ያርፋል። መሣሪያ በተለቀ ቁጥር ክፍልፋዮቹ ስለሚሰፉ ንባቡ ይረቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እውነትም ነው። ሆኖም አል-ኹጀንዲ የምድርን ዘንግ ማዘንበል ለማወቅ በለኩ ጊዜ ያገኙት ቁጥር ከትክክለኛው ወደ 2 የቅስት ደቂቃ ያነሰ ነበር።

አል-ቢሩኒ ምክንያቱን ፈለጉ፤ ያገኙትም ከራሳቸው ከአል-ኹጀንዲ አንደበት ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ባለፉት ወራት ቀዳዳዋን የተሸከመው ክፍል ከክብደቱ የተነሳ በትንሹ ሰምጧል። በዓይን የማይታይ መስመጥ የትልቁን መሣሪያ ድካም ሁሉ አበላሸው። አል-ቢሩኒ ይህን መዝግበው አስቀመጡት። ትልቁን ሊቅ ለማሳነስ አልነበረም፤ ከእሳቸው በኋላ የሚመጣው ሰው ያንን ቁጥር ሲያነብ ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ እንዲያውቅ ነው።

ሁለት ከተማ፣ አንድ ግርዶሽ

በግንቦት 997 አል-ቢሩኒ ወደ ካት ተመልሰው ነበር። በዚያ ወር በ24ኛው ቀን ሌሊት የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚኖር ያውቃሉ። በባግዳድ ከሚገኙት ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከአቡል-ወፋ ጋር በደብዳቤ ተስማምተው ሁለቱም ግርዶሹን እያሉበት ለኩ። የጨረቃ ግርዶሽ ለሚያዩት ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይጀምራል፤ የየአገሩ ሰዓት ግን ይለያያል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የሰዓቱ ልዩነት የኬንትሮስ ልዩነትን ይነግራል። በካትና በባግዳድ መካከል ያገኙት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ሁለት ሩቅ ሰዎች በየራሳቸው መሣሪያ ለክተው ንባባቸውን አገናኙ፤ ከሁለቱ ንባብም አንዱ ብቻውን ሊሰጥ የማይችለው እውቀት ወጣ።

ቀጥሎ በጉርጋን በአሚር ቃቡስ ዘንድ ተቀመጡ። በ1000 አካባቢ የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚመረምረውን ታላቅ መጽሐፋቸውን የጻፉት እዚያ ነው። ከወጣቱ ኢብን ሲና ጋርም በፍልስፍናና በፊዚክስ ጉዳዮች ጠንከር ያለ የደብዳቤ ክርክር አድርገዋል። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በጉርጋንጅ ለገዥው አማካሪ ሆኑ።

በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ አል-ገዝነዊ ኸዋሪዝምን ወረረ። አል-ቢሩኒ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደ ገዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ ተወሰዱ። በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ እንደ ልባቸውም መመለስ አይችሉም ነበር። በጥቅምት 1018 በካቡል አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ሳሉ ምንም መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። በሒሳብ ማስሊያ ሰሌዳ ጀርባ ላይ የተከፋፈለ ቅስት ሣሉ፤ ቱንቢ አንጠለጠሉ፤ በዚያም የፀሐይን ከፍታ ለክተው የቦታውን ኬክሮስ አወጡ። የላብራቶሪ ዕቃ በጎደለ ቁጥር ሥራ ለምናቆም ለእኛ ይህ ታሪክ ሊታወስ ይገባዋል።

ከናንዳና ተራራ

የሱልጣኑ ዘመቻ አል-ቢሩኒን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ሳንስክሪት ተማሩ፤ ስለ ሕንድ ሃይማኖትና ሳይንስ በ1030 ገደማ ያጠናቀቁትን መጽሐፍ ጻፉ። ዛሬ በፓኪስታን ባለው በናንዳና ምሽግ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲያስቡት የነበረውን ልኬት ፈጸሙ።

ከዚያ በፊት የምድርን ስፋት ለማወቅ የነበረው መንገድ አድካሚ ነበር። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን የተላኩ ሊቃውንት በበረሃ ቀጥ ብለው እየተጓዙ የአንድ ዲግሪን ርቀት በገመድ ለክተዋል። አል-ቢሩኒም በጉርጋን አገር በሜዳ ላይ ይህን ለመድገም ሞክረው ረዳት በማጣት ትተውታል። በናንዳና ግን ሰፊ ሜዳ የሚያይ ተራራ አገኙ። በመጀመሪያ የተራራውን ቁመት ለኩ፤ 652 ክንድ ከጥቂት ሆነ። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ወጥተው አድማሱ ከአግድመት መስመር በታች ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለኩ፤ 34 የቅስት ደቂቃ ሆነ። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በትሪጎኖሜትሪ የምድርን ሬዲየስ አወጡ።

ከሶዶ በስተሰሜን የቆመውን የዳሞታ ተራራ ለምታዩ ሰዎች ዘዴው በአእምሮ ለመሣል አይከብድም። የሚከብደው ትክክለኛነቱ ነው። 34 የቅስት ደቂቃ ሙሉ ፀሐይ ሰማይ ላይ ከምትይዘው ስፋት ብዙም አይበልጥም። አስሉት፤ በዚህ ማዕዘን ላይ የ1 ደቂቃ ስህተት ሬዲየሱን በ6 በመቶ ያህል ያዛባዋል፤ ይህም 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ብርሃንን ስለሚያጥፍ አድማሱ ከእውነተኛው ቦታው ከፍ ብሎ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን። የራሳቸውን ውጤት ከአል-መእሙን ሊቃውንት ውጤት ጋር አስተያዩት፤ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ከዚያም በስሌታቸው ለመጠቀም የመረጡት የራሳቸውን ሳይሆን የእነሱን ነው። ምክንያታቸውንም ጽፈዋል፦ የእነዚያ ሰዎች መሣሪያ የረቀቀ ነበር፤ የደከሙበትም ይበልጥ ነበር። የራሳቸው ዘዴ አዲስና ብልሃት የተሞላ መሆኑን ያውቃሉ። ነገር ግን ብልሃትና አስተማማኝነት አንድ እንዳልሆኑም ያውቃሉ።

ከተራራው ወደ ባትሪው

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ስልካችን ላይ የምናየው የመቶኛ ቁጥር በቀጥታ የተለካ አይደለም፤ ግምት ነው። ባትሪን እንደ ጀሪካን ብናስበው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ጀሪካኑ አሁን ምን ያህል ሞልቷል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጀሪካኑ ራሱ ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ባትሪ ሲያረጅ የሚጠበው ጀሪካኑ ነው። ያረጀ ባትሪ 100 በመቶ ብሎ ያሳያል፤ ውሸትም አይደለም፤ ጠቦ ሞልቷል ማለት ነው።

አቅሙን ለማወቅ ሁለት ምስክሮች አሉን። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ፍሰቱን እየለካ የሚደምረው ሴንሰር ነው። ችግሩ ትንሽ ስህተትንም አብሮ መደመሩ ነው። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ላይ ሴንሰሩ በ0.1 አምፔር ብቻ ቢያዛባ፣ በ1 ቀን 2.4፣ በ10 ቀን 24 አምፔር-ሰዓት ይሳሳታል። ልክ እንደ አል-ኹጀንዲ ቀዳዳ፣ መስመጡ አይታይም፤ ድምሩ ግን ይታያል። ሁለተኛው ምስክር ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጅ ስህተትን አያከማችም፤ ነገር ግን ጭነት ሲጨምር፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሞተር ሲነሳ ይዘላል። በአንዳንድ የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ ከሙሉ እስከ ባዶ ባለው መንገድ መሐል ላይ እምብዛም አይለወጥም።

በቁጥር እንየው። ከባትሪው 40 አምፔር-ሰዓት ወጥቶ ሙላቱ ከ90 ወደ 40 በመቶ ከወረደ፣ ግማሹ 40 ነውና ሙሉ አቅሙ 80 ነው። ነገር ግን የሙላቱ ልዩነት 50 ሳይሆን 45 ወይም 55 ቢሆን መልሱ ወደ 89 ወይም ወደ 73 ይሄዳል። በአምስት ነጥብ ብጥብጥ አዲስ የሚመስል ባትሪና ሊወገድ የተቃረበ ባትሪ ይምታታሉ፤ በመኪና ባትሪ ላይ አቅሙ ከመጀመሪያው 80 በመቶ ሲደርስ አገልግሎቱ እንዳበቃ መቁጠር የተለመደ ነውና።

በ1960 ሩዶልፍ ካልማን ያሳተመው ማጣሪያ ይህን የሚያስታርቅ ነው። ማጣሪያው በመጀመሪያ ቀጥሎ የሚመጣውን ይተነብያል፤ ከዚያ የተለካውን ያያል፤ በመጨረሻም ሁለቱን እንደ አስተማማኝነታቸው ድርሻ ሰጥቶ ያዋህዳል። ናንዳና ላይ አል-ቢሩኒ በሕሊናቸው ያደረጉትን ሚዛን ማጣሪያው በሒሳብ፣ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል። ከ2004 ጀምሮ በዚህ መንገድ የባትሪን ሁኔታ መገመት በስፋት ተጠንቷል።

ነገር ግን የእምነት ድርሻው አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር ከሆነ ችግር አለ። ጠዋት በብርድ የነበረው ሴንሰር ከሰዓት በሙቀት ያው አይደለም፤ የዛሬው ባትሪ የዛሬ ሁለት ዓመቱ አይደለም። ተለማማጅ ማጣሪያ የሚባለው ስለዚህ መጣ። ይህ ማጣሪያ በትንበያውና በልኬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያለማቋረጥ ይከታተላል። ክፍተቱ ከተጠበቀው ኖይዝ በላይ እየሰፋ ከሄደ፣ ለልኬቱ ወይም ለራሱ ትንበያ የሰጠውን እምነት ይቀንሳል፤ ሲረጋጋ መልሶ ይጨምራል።

የሐዲስ ዒልም የምትከታተሉ ይህን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሙሐዲሶች አንድን ዘጋቢ ታማኝ ነው ብለው አያበቁም፤ በእርጅናው ማስታወሱ ከተዛባ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የሰሙትን ይለያሉ። ዓጣእ ኢብኑ ሳኢብ ለዚህ የታወቁ ምሳሌ ናቸው፤ ቀደም ብለው ከሰሟቸው የተላለፈው ይወሰዳል፤ ዘግይተው ከሰሟቸው በተላለፈው ላይ ጥንቃቄ ይደረጋል። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ሚዛኑ ግን ከጊዜው ጋር ይለወጣል።

የማጣሪያው ወሰንም ይታወቅ። ወዲህና ወዲያ የሚዋዥቅ ብጥብጥን ያለሰልሳል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ሴንሰርን ግን በራሱ አያድንም። አል-ኹጀንዲ መቶ ጊዜ ለክተው ቢያማክሉም የሰመጠው ቀዳዳ ተመልሶ አይወጣም ነበር። ለዚያ መድኃኒቱ ወርዶ መሣሪያውን ማየት ነው።

ይህ ለእኛ ለምን ይገባናል?

ወላይታ ከዳውሮ ጋር በሚዋሰንበት በኦሞ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ቆሟል። እንዲያም ሆኖ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወደ ባትሪ እናያለን፤ በገጠር ቀበሌዎች ደግሞ በሶላር የሚያበሩ ቤቶች አሉ። አገራችን በ2024 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ ከእኛ መካከል ብዙዎች ነገ ባትሪ የሚመረምሩ፣ የሚጠግኑ፣ ዋጋ የሚተምኑ ይሆናሉ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ወይም ስልክ የሚገዛ ሰው የባትሪውን አቅም በዓይኑ አያይም፤ የሚያምነው የተነገረውን ቁጥር ነው። አቅሙ እንደወረደ እያወቀ የሞላውን ምልክት ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ሰው፣ ሚዛን ከሚያጎድል ነጋዴ በምን ይለያል?

ፈተናው ግን ከገበያው በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ይጀምራል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ፣ ከመስመሩ የወጡ ጥቂት ነጥቦችን አጥፍቶ ግራፉን ማሳመር ቀላል ነው፤ ስሙንም ማጣራት ማለት ይቻላል። ልዩነቱን እንወቅ። ማጣራት ሕጉ አስቀድሞ የተነገረ፣ ለወደድነውም ለጠላነውም ነጥብ እኩል የሚሠራ፣ ጥሬ መረጃውን የማያጠፋ፣ በመጨረሻም ስንት ሊሳሳት እንደሚችል የሚናገር ነው። መደበቅ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። አል-ቢሩኒ ያልተሳካላቸውን ሙከራ፣ የመሣሪያቸውን ጉድለት፣ የሌሎችን ብልጫ ሳይቀር ጽፈው ባያስቀምጡ ኖሮ ከሺህ ዓመት በኋላ ሥራቸውን መመርመር ባልቻልን ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1025 የከተሞችን አቀማመጥ የሚወስነውን መጽሐፋቸውን ጨረሱ። ዓላማው በተለይ የገዝናን ትክክለኛ ቦታ፣ ከዚያም ቂብላዋን ማወቅ ነበር። ከባግዳድ ወደ ገዝና በተለያዩ ከተሞች በኩል እያሰሉ ደጋግመው መጡ፤ የነጋዴ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከርቀቱ ላይ ቀነሱ፤ በየመንገዱ ያገኟቸው ቁጥሮች ሲለያዩም አማከሏቸው። በእሳቸው ዘመን የተራቀቀው ሒሳብ ለሶዶ ሲሠራ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 8 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። በየቀኑ አምስት ጊዜ የምንቆምበት አቅጣጫ የልኬት ሰዎች ድካም አለበት።

የማዕድናትን ክብደት ከውሃ ጋር ለማነጻጸር ልዩ ዕቃ ሠሩ፤ በጠባቡ መውረጃ ላይ የሚቀር ውሃ ስለሚያሳስታቸውም ዕቃውን ደጋግመው አሻሻሉ። በሥነ ፈለክ የጻፉትን ታላቅ መድብል ለሱልጣን መስዑድ ባበረከቱ ጊዜ ሱልጣኑ በዝሆን ላይ የተጫነ የብር ስጦታ ልኮላቸው እንደመለሱት ታሪክ ጸሐፊው ያቁት ዘግበዋል። ሥራዎቻቸው ከ140 በላይ ሲሆኑ እኛ ዘንድ የደረሱት ጥቂቶቹ ናቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ስለ መድኃኒቶች ነበር።

በ440 ሂጅራ፣ በ1048 አካባቢ፣ በገዝና አረፉ። ያቁት ስለ መጨረሻ ሰዓታቸው ያስተላለፉት እንዲህ ነው። አንድ ፈቂህ ሊጠይቋቸው ገቡ፤ አል-ቢሩኒ እየተጣጣሩ ነበር። ይሁንና ከዚህ በፊት በሴት አያቶች ውርስ ላይ የተነጋገሩት ጉዳይ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። እንግዳው አዝነው፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው እንዴት ይጠይቃሉ አሏቸው። አል-ቢሩኒ ሳያውቁት ከሚሄዱ አውቀውት ዱንያን ቢለዩ እንደሚሻል መለሱ። ፈቂሁ አስረዷቸው፤ እሳቸውም ደግመው በቃላቸው ያዙት። እንግዳው ወጥተው መንገድ ላይ ሳሉ የሐዘን ጩኸቱን ሰሙ።

የውርስ ድርሻም ልኬት ነው፤ ባለቤት ያለው ልኬት። በዚህ ሴሚስተር ላብራቶሪ የምትገቡ ሁሉ፣ ከምትጽፉት ቁጥር ጎን ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባውም ጻፉ። አላህ ለአል-ቢሩኒ ይዘንላቸው፤ ለእኛም የሚጠቅም ዒልም ይስጠን።